አሥራ አንድ ቀን ቀሪ

ርዕሰ መምህሩ የስም መጥሪያውን መዝገብ ወደ እኔ አዞረና በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ መስመር አሳየኝ።

«ሐፍሳ ሰይፈዲን፣ አንደኛ ክፍል ሐ። አሥራ አንድ ቀን ቀሪ። አሥራ አምስት ከሞላ ስሟ ይሰረዛል፤ ቦታውን የሚጠብቅ ልጅ ሞልቷል።»

አሥራ አንዱንም ቀን እጇን ይዤ፣ ያንን ጭቃ አቋርጬ፣ ከአማን እስከ ሚዛን ድረስ ያመጣኋት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ጫማዋን በሣር ጠርጌላት፣ ስትገባ አይቼ ነው የምመለሰው። ስለዚህ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እኔ ስናደድ ደግሞ ሰፈር ይሰማል።

«ምን ማለት ነው ቀረች? አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች እኮ! ይምጡና ይዩዋት!»

ርዕሰ መምህሩ አቶ አልአዛር ረጋ ያለ ሰው ነው፤ አልተቆጣም። መነጽሩን አወለቀና «እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለኝ።

መዝገቡን አየሁ።

«አክስቷ» አልኩ።

አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት። ዘጠኝ ወር የተሸከምኳትን፣ ሰባት ዓመት ያሳደግኳትን ልጅ አክስቷ ነኝ አልኩ። ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነውና።

የመጣነው ሐምሌ ላይ ነው፣ ከስልጤ፣ ከዳሎቻ። ባሌ ሸረፋ ሲሞት ወንድሜ ሰይፈዲን ደወለና «እዚያ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይ፣ ቤቱ ለሁላችንም ይበቃል» አለኝ። ሰይፈዲን አማን ላይ ልብስ ሲነግድ አሥር ዓመት ሆነው፤ ከደንበኞቹ ጋር የአገሩን ቋንቋ፣ ቤንችኛ፣ ሲያወራ እዚሁ የተወለደ ይመስላል። እኔ አንድ ሻንጣና አንድ ልጅ ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መሸኛ አልያዝኩም። መሸኛ የሚባል ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። የዳሎቻው ቀበሌ መሸኛ ለመጻፍ የአባወራውን ፊርማ ጠየቀኝ። ሞቷል አልኩ። የሞት ማስረጃ አምጪ አሉኝ። ሐዘን ላይ የተቀመጠች ሴት ለባሏ የሞት ወረቀት ስታሳድድ ትውላለች? ትቼው መጣሁ። የእኔ ጥፋት ይኼ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ምዝገባ ተጀመረ። ትምህርት ቤቱ የልደት ካርድ አምጡ አለ። የልደት ካርድ የሚሰጠው ለነዋሪ ነው፤ ነዋሪ ለመሆን መሸኛ ያስፈልጋል፤ ለመሸኛው ደግሞ ሸረፋ ከመቃብር ተነስቶ ይፈርም። ሦስት ቀን የቀበሌው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ሰይፈዲን ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ። መዝጋቢው መታወቂያውን አገላብጦ አየና፣ አዝኖልን ነው መሰለኝ፣ «የአንተ ልጅ ብትሆን ኖሮ ዛሬውኑ ባለቀ ነበር» አለ።

ሰይፈዲን ትንሽም አላሰበ። «የእኔ ልጅ ናት» አለ።

በእኛ ዘንድ ሰው ይኼን እንደ ውሸት አይቆጥረውም። የእህት ልጅ ልጅ ነው። አጎቱ ዘንድ አድጎ፣ በአጎቱ ስም ተመዝግቦ፣ በዚያው ስም ተምሮ የጨረሰ ሰው ብዙ አውቃለሁ። ግን ልጅን ከአባቱ በቀር በሌላ ሰው ስም መጥራት በዲናችን እንደማይፈቀድ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። እጅጌውን ጎተትኩት። «ለወረቀት ነው እኮ፣ ሐያት። አላህ ልባችንን ያያል» አለኝ። ሦስት ምስክሮች ከገበያ ጠርቶ አመጣ።

መዝጋቢው «የእናት ስም?» ሲል ሁለታችንም ተያየን። ሐያት ነስረዲን ተብሎ ቢጻፍ አባትየው ሰይፈዲን ነስረዲን ነው፤ ወንድምና እህት ልጅ ወለዱ ሊባል! ሳቄ መጣ። ሰይፈዲን ግን ቶሎ ብሎ የሚስቱን ስም ሰጠ፤ ሙንተሃ ከድር ተብሎ ተጻፈ። እኔ ማኅተሙ ሲመታ ሻሼን አፌ ላይ ይዤ እየሳቅኩ ነበር። ያንን ሳቅ ባስታወስኩት ቁጥር አፍራለሁ።

ሙንተሃ ካገባች ስምንት ዓመቷ ነው፤ አላህ ልጅ አልሰጣትም። ካርዱን ስናሳያት ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ በፕላስቲክ ጠቅልላ ከጋብቻ ወረቀቷ ጋር አስቀመጠችው። ክፋት የላትም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ አቶ አልአዛር አክስቷን፣ ማለት እኔን፣ ይዞ ወደ አንደኛ ክፍል ሐ ሄደ። ዘጠና ሁለት ልጅ ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ አምስት ተጠጋግተዋል። መምህርት ትዝታ ገና ልጅ ናት፤ ድምጿ ከወዲሁ ሰልሏል። ሐፍሳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ይቺ ናት?» አለች መምህርቷ። «ይቺማ በየቀኑ አለች! አንቺ፣ ስምሽ ማነው?»

ሐፍሳ ተነስታ ቆመች። አባቷ ስምሽን ከአባትሽ ጋር ተናገሪ እያለ ነው ያሳደጋት።

«ሐፍሳ ሸረፋ።»

መምህርቷ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሐፍሳ ሸረፋ የምትባል የለችም።»

«ስሜን እስኪጠሩኝ እየጠበቅኩ ነው» አለች ልጄ። ለመምህርቷ ነው የመለሰችው፣ የምታየው ግን እኔን ነው።

አሥራ አንድ ቀን ጠብቃለች። በየጠዋቱ ዘጠና አንድ ልጅ ተጠርቶ አለሁ ሲል ስትሰማ፣ ነገ የእኔም ይደርሳል ብላ ቤቷ ስትመለስ፣ አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ማልቀስ አማረኝ።

«ሸረፋ የቤት ስሟ ነው» አልኩ።

አቶ አልአዛር አየኝና ወደ በሩ መራኝ። በሩ ላይ ስንደርስ «ነገ ወላጇ ይምጣ። አክስት አይበቃም» አለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄድኩ፣ ላስተካክለው። መዝጋቢው አልነበረም፤ በቦታው ወይዘሮ በየነች የምትባል ሴት ተቀምጣለች። ስለ ሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅኳት፤ አንዲት ሴት አለች፣ ልጇ በስህተት በሰው ስም ተመዝግባባታለች፣ ምን ታድርግ አልኩ።

«ማሰረዝ በፍርድ ቤት ነው። አባት ነኝ ያለው ሰውዬ በሐሰት ቃል ይጠየቃል። የመሰከሩለትም እንደዚሁ። ልጅቷ ደግሞ ነገሩ እስኪያልቅ ካርድ የላትም።»

ካርድ ከሌላት ትምህርት የለም። ወንድሜ ከታሰረ የምናድርበት ቤት የለም። ወደ ዳሎቻ እንዳልመለስ እዚያም መሸኛ ሳልይዝ የወጣሁ ነኝ። በየትኛውም በኩል ብዞር መውጫ አጣሁ።

«ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ?» አለችኝ ወይዘሮ በየነች።

«በሩቁ» አልኩ።

ሱቅ ስደርስ ሰይፈዲን ሱሪ እያጠፈ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። «ጋሼ፣ እንሂድና እውነቱን እንናገር» አልኩት። ማጠፉን ሳያቋርጥ ሰማኝና «ለእናንተ ብዬ ነው ያደረግኩት። ታሰርልኝ ካልሽኝ እታሰራለሁ፤ አንቺ ብቻ ወስኚ» አለኝ። የምሩን ነው። ቢቆጣኝ እጣላው ነበር። እንዲህ የሚል ሰው ምን ይባላል?

ሙንተሃ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤታችን ውስጥ ሆና «ወላጅ ይምጣ ካሉ ነገ እኔ እሄዳለሁ» አለች። ቆየት ብላ የበዓል ሂጃቧን አጥባ አሰጣችው።

ሐፍሳ ከትምህርት ቤት ከተመለሰች በኋላ ይዣት ወደ ጓሮ ወጣሁ፣ ቡናው ሥር። ፊት ለፊቴ አቆምኳትና እንደ መምህርቷ ጮክ ብዬ ጠራሁ።

«ሐፍሳ ሰይፈዲን!»

ዝም።

«አለሁ በይ።»

«እኔ አይደለሁማ።»

«ትምህርት ቤት ውስጥ ነሽ። ቤት ሸረፋ፣ ትምህርት ቤት ሰይፈዲን። ገባሽ?»

«አባዬ ይቀየመኛል።»

«አይቀየምሽም።»

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

አላወቅኩም። ደግሜ ጠራኋት፣ ደግማ ዝም አለች። በእልኸኝነቷ እኔን ነው የምትመስለው። ስምንተኛ ይሁን አሥረኛ ጊዜ ላይ ክንዷን ይዤ ቆነጠጥኳት፣ የሞተ አባቷን ስም አልክድም ስላለች። ሌላ ሰው ቢነካት ዐይኑን የማወጣ ሴት ነኝ።

«አለሁ» አለች እያለቀሰች።

«ሐፍሳ ሰይፈዲን!»

«አለሁ።»

«ጎበዝ» አልኳት።

በማግስቱ ሦስታችን ሄድን። ሙንተሃ ቢሮ ገብታ «ወላጅ» በሚለው ሥር ስትፈርም ሐፍሳ አጠገቧ ቆማለች፤ እኔ ደጅ ነበርኩ። ስም ሲጠራ ክፍሉ መስኮት ሥር ተጠግቼ ሰማሁ። ስሟ ተጠራ። «አለሁ!» አለች፣ ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም ራሴን ጠላሁት።

ስድስት ሰዓት ላይ ልንወስዳት ሙንተሃና እኔ በሩ ላይ ቆምን። ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ፤ ሐፍሳ መጥታ እጄን ያዘችኝ። መምህርት ትዝታ ከኋላዋ ደረሰች። ትናንት ያስቸገርኳት እኔ እንደሆንኩ ረስታዋለች፤ ዘጠና ሁለት ልጅና የእያንዳንዱን ቤተሰብ ማን ያስታውሳል?

«ዛሬ በጣም ጎበዝ ነበረች» አለች እየሳቀች። ወደ ሐፍሳ ጎንበስ ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። «ይቺ ናት እናትሽ?»

ሐፍሳ እኔን አየች። ሙንተሃን አየች። እኔ ያስተማርኳት አዲሱን የአባት ስም ብቻ ነው፤ ስለ እናት አንድ ቃል አልተነፈስኩም። የቀረውን ጠዋት ቢሮ ውስጥ ቆማ ራሷ ጨርሳዋለች።

እጇን ከእጄ አወጣች።

«አይደለችም» አለች ጥርት ባለ ድምፅ። «አክስቴ ናት።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፣ በትክክል እንደመለሰች እንድነግራት።