የዓርቡ ብርቱካን

ነዚሃ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ደም ከገላው ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተመልሶ ሲገባ ስትጠብቅ የኖረች ነርስ ናት። የምትሠራው ከቱኒስ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ፣ ዙሪያዋን የብርቱካን እርሻ በከበባት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ፣ በኩላሊት እጥበት ክፍል ነው። ክፍሉ ሰባት ወንበር አለው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ሰባት ሰዎች ይመጡና በክንዳቸው ሁለት ሁለት መርፌ ተሰክቶላቸው አራት ሰዓት ከማሽን ጋር ታስረው ይቆያሉ። የነዚሃ መርፌ አያምም ይባላል። ምላሷ ግን ያማል።

«ሙዝ የለም፣ ተምር የለም፣ ብርቱካን የለም» ትላቸዋለች። «ድንቹን ሁለቴ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉት። በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም በደም ከተጠራቀመ ልብ ያቆማል። ልባችሁ ከቆመ ደግሞ እኔ ነኝ የምወቀሰው።»

ከሰባቱ በአክብሮት ሲ ሙንጂ የሚባሉት የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት ራሳቸው የብርቱካን ገበሬ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የገዛ ዛፋቸውን ፍሬ ለሰው ሲያሸክሙ እንጂ ሲቀምሱ አልታዩም። «እኔ እኮ የሱልጣን ሚስቶች ዘበኛ ነኝ፤ አያለሁ እንጂ አልነካም» እያሉ ያስቃሉ።

ነዚሃ ግን ሰው የማያውቀው ነገር ነበራት። በሃያ ስድስት ዓመቷ አንድ ጸደይ እንቅልፍ ጠፍቶባት፣ ሐሳቧ እንደ ፈረስ ጋልቦ፣ ለወራት የቆጠበችውን ሁሉ በሁለት ቀን በትና፣ ክረምቱን ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አሳለፈችው። ሐኪሙ በሽታው ባይፖላር እንደሚባልና አንዴ ከልክ በላይ አስደስቶ አንዴ ጉድጓድ እንደሚከት ነገራት፤ ሊትየም የሚባል መድኃኒትም አዘዘላት። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትውጣለች። የምታውቀው ታናሽ እኅቷ ዋሲላ ብቻ ናት። ሐኪሟንም ሰው እንዳያያት ቱኒስ ድረስ እየሄደች ነው የምታየው። በሆስፒታሉ ለምን ቱኒስ እንደምትመላለስ ሲጠይቋት «ማይግሬን የሚባል ራስ ምታት ነው» ትላለች።

በጥር የደም ምርመራዋ ውጤት መጣ። ሊትየም በብዙ ዓመት ኩላሊት ሊያደክም ይችላል፤ የእሷም የኩላሊት ቁጥር ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር።

«አትደንግጪ» አሉ ሐኪሙ። «መጠኑን ቀንሰን ከሦስት ወር በኋላ እናያለን። ካስፈለገም ሌላ መድኃኒት አለ።»

ነዚሃ ራሷን ነቀነቀች። ሰኞ ጠዋት ግን ሰባቱን ወንበሮች ስታይ፣ እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ አንድ ቀን «ትንሽ ከፍ ብሏል» ያልተባለ እንደሌለ ትዝ አላት። ስምንተኛው ወንበር ለእሷ የተዘጋጀ መሰላት። ማታ መድኃኒቱን መዋጥ ትታ ዕቃውን ከመሳቢያው ግርጌ ቀበረችው። ለሐኪሟም ለዋሲላም ትንፍሽ አላለች።

መጀመሪያ ምንም አልሆነችም። እንዲያውም መድኃኒቱ ያመጣባት የነበረው የጣት መንቀጥቀጥ ተዋት፤ ደስ አላት። መጋቢት ገብቶ የብርቱካኑ አበባ ሲፈነዳና ከተማዋ በሙሉ ስታውድ ግን እንቅልፏ ከሰባት ሰዓት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሁለት ወረደ። አልደከማትም። ዋሲላ ስትደውልላት «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ደህና ነኝ፣ እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም» እያለች ትዘጋባታለች።

በዚያ ዓርብ ጠዋት በታክሲ መጣች። ከታክሲው ሁለት ሣጥን ብርቱካን ወረደ። በአንድ ተራ ሁለት ነርስ መኖር ግዴታ ነው፤ ነዚሃ ግን ባልደረባዋ ልጇን ትኩሳት ይዟት ስትጨነቅ ስላየች «ሂጂ፣ እኔ አለሁ፤ ለሁለት እሠራለሁ» ብላ ሸኘቻት። እውነትም ለሁለት ሠራች። ሰባቱንም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከማሽናቸው ጋር አገናኘች፤ አንድም መርፌ አልሳተችም። ከዚያ ሣጥኖቹን ጎትታ መሐል ወለል ላይ አኖረች።

«ዛሬ ሕጉ ተሽሯል» አለችና ማደል ጀመረች።

ሲ ሙንጂ ፍሬውን በመዳፋቸው ይዘው አገላበጡት። «ነዚሃ፣ ልትገድይን ነው?»

«ማሽን ላይ ናችሁ እኮ። እናንተ ትበላላችሁ፣ እሱ ያጥበዋል። አስቤበታለሁ።»

«አንቺ ካሰብሽበትማ እኔ ምን አግብቶኝ» አሉና በጥርሳቸው ላጡት። የታሰረውን ክንዳቸውን ስላጠፉት ማሽናቸው ጮኸ።

«ክንድዎን ያቅኑ፣ ሲ ሙንጂ። ማሽኑ ቀንቶብዎት ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ያልሳቁት ከሰባቱ አንዷ፣ በአክብሮት «ላላ» የሚባሉት ሻዝሊያ ብቻ ነበሩ። እሳቸው አርባ ዓመት የሙሽራ ልብስ ሲጠልፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አንድ ስፌት ሲዘል ከሩቅ ያያሉ። የነዚሃን ዓይን አዩ፤ ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ሌላ መጀመሯን ሰሙ። ነዚሃ ከዚያ በከረጢት በከረጢት የተሞላ ብርቱካን በየወንበሩ ሥር ማስቀመጥ ጀመረች።

«ይሄ ደግሞ የቤት ነው።»

ከዓርብ እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ ለኩላሊት በሽተኛ ረጅሙና ክፉው ነው፤ ይህን ያስተማረቻቸው እሷ ራሷ ናት።

«ልጄ» አሉ ላላ ሻዝሊያ ቀስ ብለው፣ «እስከ ሰኞ እኮ ማሽን የለም።»

«እሁድ እከፍታለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ለብቻችን እንታጠባለን። ለጤና ሚኒስትሩ ጽፌላቸዋለሁ፣ ሃያ ስምንት ገጽ።»

ከጫፍ ያለው አኒስ፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ወጣት፣ ጮኸ። «ይህቺ ሴት አብዳለች። አታዩም እንዴ? ሰው ጥሩ።»

«ደምህ ማሽን ውስጥ ነው፤ ድምፅህን ዝቅ አድርግ» አሉት ላላ ሻዝሊያ። «ይልቅ ስልክህን አውጣና ለሉትፊ ጻፍለት። ሳትጮኽ።»

ሉትፊ የነርሶቹ አለቃ ነው፤ ቢሮው ከግቢው ማዶ ነበር። ከሰባቱ አንዳቸውም መነሳት አይችሉም። እሱ እስኪመጣ ድረስ ነዚሃን የሚይዛት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ላላ ሻዝሊያ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ያውቃሉ። ወንድማቸው ሳላህ አንድ ሱቅ ሙሉ ጨርቅ በአንድ ጠዋት ለመንገደኛ ያደለ ሰው ነበር። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ጮኸበት፣ አሰረው፤ ሳላህም ከዚያ በኋላ ማንንም አላመነም።

«ነዚሃ፣ በርዶኛል። ነይ እጄን ያዢልኝ።»

መጣች። ያዘቻቸው። ተነሳች፤ ደግማ መጣች። የእጇ የደም ሥር በጣታቸው ላይ ሲመታ ላላ ሻዝሊያ ይሰማቸዋል።

«መቼ ነው የተኛሽው?»

«እንቅልፍ ጊዜ ማባከን ነው፣ ላላ። አሁን እኮ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆኖልኛል።»

«ወንድሜም እንደዚሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ደግ ሰው ነበር። እንዳንቺ። በይ አሁን የማሽኔን ቁጥሮች አንብቢልኝ፣ ቀስ እያልሽ፤ አንዱንም እንዳትዘልዪ።»

እሷም ታነብ ጀመር። ሦስት ጊዜ ካነበበች በኋላ ሉትፊ ላብ አጥምቆት ገባ። ብርቱካኑን አየ፣ ሁለተኛዋ ነርስ እንደሌለች አየ።

«ነዚሃ፣ ቁልፉን ስጪኝ።»

ያን ጊዜ ደስታዋ ወደ ቁጣ ዞረ። «አሥራ አራት ዓመት እኔ ስለፋ አንተ ወረቀት ስትፈርም ኖርክ! አሁን ልታስወጣኝ ነው?»

ሉትፊ ዘበኛ ሊጠራ እጁን ወደ ግድግዳው ስልክ ሰደደ።

«ሉትፊ» አሉ ላላ ሻዝሊያ፣ «ዘበኛ በእሷ ላይ እጁን ካነሳ እኔ መርፌዬን ነቅዬ ነው የምነሳው።»

«ላላ ሻዝሊያ፣ ሕግ አለ እኮ።»

«ሕግ አለ፤ እኅትም አላት። እኅቷን ጥራ።»

ሉትፊ ቆም ብሎ አሰበና ራቅ ባለች ከተማ ፖስታ ቤት ለምትሠራው ለዋሲላ ደወለ። እሷ እስክትደርስ የጠዋቱ ተራ አለቀ፤ ሉትፊ ሕሙማኑን ከማሽኑ አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። ከረጢቶቹንም ሰበሰበ። ነዚሃ ግን «መርፌያቸውን ሳልነቅል አልወጣም» ብላ ተገተረች። እሱም አጠገቧ ቆሞ የላላ ሻዝሊያን ብቻ ተወላት።

መርፌ ከተነቀለ በኋላ ቀዳዳው ላይ አሥር ደቂቃ በአውራ ጣት መጫን ያስፈልጋል። ማጥበቅም ማላላትም አይቻልም። ነዚሃ ከሳምንታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥር ደቂቃ አንድ ቦታ ተቀመጠች። እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

«ላላ፣ ምን አድርጌ ነው?»

«ታመሽ ነው፣ ልጄ። ክንዴን አትልቀቂ፤ ይደማል።»

ዋሲላ በሥራ ልብሷ እየሮጠች ደረሰች። የእኅቷን ፊት አይታ ምንም አልጠየቀችም። አንድ ቃል ብቻ ነው ያለችው፤ «መድኃኒቱን?» «አቁሜዋለሁ» አለቻት ነዚሃ። አብረው ቱኒስ ወደ ሐኪሟ ሄዱ።

ብርቱካኑ ሲቆጠር ግን አንድ ከረጢት ጎደለ። ሲ ሙንጂ ቀድመው ተፈተው ከልጃቸው ጋር ሄደው ነበር። ሉትፊ ሲደውልላቸው «ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁት፣ ምን ያስጨንቅሃል» አሉት። ውሸታቸውን ነበር። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ፣ ዘጠኝ ዓመት በታገሠ ሰው አበላል፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው በሉት። እሁድ ጠዋት እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ልባቸውም እያረፈ እያረፈ ይመታ ጀመር። ልጃቸው በጭነት መኪናው አድርሷቸው፣ ሐኪሞች ተሯሩጠው ተረፉ። በአንድ ሰዓት ቢዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር።

ነዚሃ ይህን የሰማችው በሦስተኛ ሳምንቷ፣ በተኛችበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ዋሲላ ልትደብቃት አስባ ነበር፤ በኋላ ግን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብላ ነገረቻት። ነዚሃ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ከዚያ በኋላም ረጅም፣ ጨለማ ሳምንታት ነበሩ። ሐኪሟ ሊትየሙን ትተው ኩላሊት የማይነካ ሌላ መድኃኒት ሰጧት። የሚያወፍርና ጠዋት ጠዋት ጭንቅላት የሚያከብድ ነበር፤ እሷ ግን ዋጠችው።

በሰኔ ስትወጣ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሲ ሙንጂ እርሻ ነው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ለምኑ? ብርቱካኑን በአፌ የከተተብኝ ሰው አለ? ሽማግሌ ነኝ፣ ጎመዠሁ፣ በላሁ። ስዋሽም ማንም አላስገደደኝም።»

«ሲ ሙንጂ፣ እርስዎ በሽተኛ ነዎት፤ እኔ ነርስ ነኝ። እኔ ነኝ የሰጠሁዎት። መድኃኒቴንም ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ቀላል አያድርጉልኝ።»

አዛውንቱ ቀልዳቸውን አስቀመጡት።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ፈርቼ ነበር። ልጄ ሲያለቅስ አየሁት፤ ሠላሳ ዓመት አላየሁትም ሲያለቅስ። ይቅር ብዬሻለሁ። አሁን ተቀመጪ፣ ሻይ ይመጣል፤ አንቺ ጠጪ፣ እኔ አያለሁ።»

የሆስፒታሉ ኮሚቴ በመስከረም ተሰበሰበ። ሉትፊ የሆነውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ጽፎት ነበር፤ ሁለተኛ ነርስ መኖሯን ራሱ ሳያጣራ መቅረቱንም ጨምሮ። ነዚሃ ወር በወር ሐኪሟን እያየች፣ ብቻዋን ተራ ሳትይዝ እንድትሠራ ተፈቀደላት።

ወደ ሥራ በተመለሰችበት የመጀመሪያ ሰኞ፣ ማንንም ከማሽን ጋር ከማገናኘቷ በፊት፣ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች።

«ማይግሬን አይደለም» አለች። የበሽታውን ስም፣ ከስንት ዓመቷ እንደያዛት፣ ለምን መድኃኒቱን እንዳቆመች ነገረቻቸው። «የእናንተን ወንበር ፈርቼ ነው። ሌላ ነርስ ይሁንልኝ የሚል ካለ መብቱ ነው፤ አልቀየምም።»

አኒስ እጁን አነሳ። «በክፋት አይደለም፣ እኅቴ። ግን ያን ዕለት ታስሬ ተኝቼ የተሰማኝን አልረሳውም። ከሰዓት በኋላ ወዳለው ተራ ልዛወር።»

«ቅጹን እኔ አመጣልሃለሁ» አለችው። አመጣችለትም።

ሌሎቹ ስድስቱ ቀሩ። ላላ ሻዝሊያ የዋሲላን ስልክ ቁጥር በገዛ ስልካቸው መዘገቡ፤ ዋሲላም የእሳቸውን። ነዚሃ ይህን ስታውቅ መጀመሪያ ተናደደች፣ እንደ ሕፃን የምትጠበቅ መሰላት፤ ሁለት ሳምንት ለላላ ሻዝሊያ ከሥራ ቃል በቀር አልተነፈሰችላቸውም። እሳቸውም አልተለማመጧትም። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ከእጥበቱ በፊት ሚዛኑ ላይ ሲወጡ በተጠራቀመ ውሃ ሦስት ኪሎ ጨምረው ተገኙ።

«ሦስት ኪሎ ውሃ! ምን ሲጠጡ ነው የከረሙት?» አለች ነዚሃ ሳታስበው።

«የእኅቴ ልጅ ሰርግ ነበር።»

«ሙሽራዋን ነው የጠጡት?»

ሲ ሙንጂ ከወንበራቸው ሳቁ፤ ላላ ሻዝሊያም ክንዳቸውን ዘረጉላት።

አኒስን አልፎ አልፎ፣ ተራ ሲቀያየር፣ ኮሪደሩ ላይ ታገኘዋለች። «እንዴት ነህ?» «ደህና፣ አንቺስ?» ይባባላሉ፤ ከዚያ አልፎ አያውቅም። እሷም መንገዱን ትለቅለትና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።