ታላቁ የቱ ነው?

«እሽሽ!» አለች ነርሷ፣ አያትየው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ። ያገኘችውን ሁሉ ዝም ስለምታሰኝ ባልደረቦቿ «ሲስተር ጸጥታ» ይሏታል። ሥራዋም ያለ ጸጥታ አይሆንም። ጎማ የለበሰችውን ትንሽ መሰኪያ በተኛው ሕፃን ጆሮ ከትታ የመሣሪያውን መስኮት ታያለች። በቀኙ አረንጓዴ በራ። በግራውም አረንጓዴ።

«አላልኳችሁም?» አሉ አያት። «የእኔ የልጅ ልጅ ኮሽ ሲል ነው የሚባንነው! በከንቱ አመላለሳችሁን።»

እናትየው እፎይ ብላ ዓይኗን ጠረገች። መንታ ልጆቿ በተወለዱ ማግስት ጆሯቸው ሲመረመር ቀድሞ የተወለደው አላለፈም ነበር። ለድጋሚ ምርመራ ቀጠሮ ተሰጥቷት በሥራ ብዛት ቀረች። ነገር ግን የማዋለጃው፣ የክትባቱና የጆሮ ክፍሉ መዝገብ በኮምፒውተር ከተያያዘ ወዲህ በአንዱ በር ያመለጠ ሕፃን በሌላው ይያዛል። ባለፈው ሳምንት መንታዎቹ ሲከተቡ ቀይ ምልክት በራና «ታላቁን ለጆሮ ምርመራ አምጪው» ተባለች። ይኸው አመጣችው።

ሲስተር ጸጥታ «አልፏል» የሚለውን ልትጫን ስትል እጇ ቆመ። ክትባት ክፍል የመዘገበው ክብደት እዚያው አጠገቡ ይታያል፤ የከሲታ ልጅ ክብደት ነው። እናቱ ጭን ላይ ያለው ግን ክንድ የሚያዝል ድንቡሽቡሽ። በሳምንት እንዲህ ከተነፋ የሚጠባው ጡት ሳይሆን እርሾ ነው ማለት ነው።

«ይሄ ቀድሞ የተወለደው ነው?»

«ኧረ ኋላ የመጣው ነው።»

«ታላቁን አልነበር ያልንሽ?»

«ታላቁማ እሱ ነው!» አያት ቆጣ አሉ። «ታላቅ ታናሹን ልኮ ነው ኋላ ዱብ የሚለው። መጀመሪያ የወጣውማ ተላላኪ ነው።»

እናት አንገቷን ደፋች። «ቤት ውስጥ እማዬ እንዳሉት ነው የምንጠራቸው።»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ደነገጠች። «አልፏል» የሚለውን ተጭናው ቢሆን ኖሮ ቀዩ ምልክት ይጠፋ ነበር፤ ያኛው ልጅ ጤነኛ ተብሎ፣ ማንም ለምርመራ ሳይፈልገው ያድግ ነበር።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ቤት፣ ከአባቱ ጋር።»

«በይ ደውይለት እህቴ፤ ይዞት ይምጣ። ምሳዬን እዚሁ እበላለሁ።»

አባት ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ እያለከለከ ደረሰ። ኮሪደሩ በጫጫታ ሲናወጥ ሕፃኑ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ሲስተር ጸጥታ መረመረችው፤ ደግማም መረመረችው። አረንጓዴው አልበራም።

«በግልጽ ልንገራችሁ፤» አለች። «መስማቱ ያጠራጥራል፤ ማረጋገጥ ያለበት ስፔሻሊስት ነው። ግን ገና ጨቅላ ስለሆነ አልረፈደም፤ በጊዜ ከተያዘ ብዙ ይደረግለታል። መዝገቡን አሁን ልኬላቸዋለሁ፤ ይደውሉላችኋል። ደግሞ እንደዛሬው የተሳሳተ ልጅ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።»

የእናትየው እንባ ወረደ። አያት ከሲታውን ልጅ ከአባቱ ተቀበሉና ፊቱን ወደ ፊታቸው አዞሩት።

«ታላቁን አምጡ ብለው ይደውሉ፤» አሉ።

«እማዬ፣ ታላቁ እኮ ያኛው...» አለ አባት።

«ከዛሬ ጀምሮ ታላቁ ይሄ ነው። ተላላኪው ያኛው ይሁን፤ እሱ ሲጠሩት ይሰማል።»