ስልሳ አንደኛው ቀን

የአባታችንን የአጋሮ ቡና መሬት ፍርድ ቤት ለወንድሜ ለሙኒር ብቻ ወሰነለት። ይግባኝ ልል ስነሳ ሙኒር ሽማግሌ ላከብኝ።

«ሽማግሌ ተቀምጦ ፍርድ ቤት መሄድ ነውር ነው፣ ሀያት» አሉኝ አጎቴ ሀጂ ሸኩር። እሳቸውን እምቢ አይባልም። ከጁምዓ ጁምዓ ሲቀጥሩኝ፣ ቡናዬ ዓይኔ እያየ ሲለቀም፣ እርቁን ጠበቅኩ። በመጨረሻ ሙኒር እርቁን ረግጦ ሲነሳ ጅማ ሮጥኩ።

«የይግባኙ ስልሳ ቀን ትናንት አለቀ» አለችኝ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ። «በቂ ምክንያት ካለሽ ግን የማስፈቀጃ ማመልከቻ አቅርቢ። በሽምግልና እንደቆየሽ የሚመሰክርልሽ አለ?»

አለኝ እንጂ። በዚያው ዕለት አጎቴ ቤት ሄድኩ። ሀጂ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«የሽምግልና ነገር ፍርድ ቤት አይወጣም፣ ልጄ» አሉኝ ዓይኔን ሳያዩ። «ነውር ነው።»