ነፍስ ይማር ያልተባለበት ተዝካር

እኔ ለመስጋት እንጂ ለመበቀል የተፈጠርሁ ሰው አይደለሁም። ሲዘንብ ጣሪያው ያፈሳል እላለሁ፤ ሲያባራ ሰብሉ ሊደርቅ ነው እላለሁ። የልጅ ልጄ ጸደንያ ሞጣ ሥራ ስትይዝ እንኳ ደስታዬን በወጉ ሳላጣጥመው የመንገዱ ነገር ያዘኝ። ከእኛ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል። ስልኳ ካልተነሣ እህል በአፌ አይዞርም። እናቷ በወሊድ ስለሞተችብኝ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ሌላ የለኝም። ስጦታው የሚባለው ሰው እንግዲህ የነካብኝ ይህችን ነው።

ስጦታው የእማሆይ አገሬ ልጅ ነው። እማሆይ አገሬ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች፤ እሱንም ከአንቀልባ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሞጣ ወርዶ ነገደ፣ ቀናው፣ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ከፈተ። ጸደንያ ከትምህርት ቤት እንደወጣች እሱ ዘንድ ገብታ ፋጉሎ ስትዝቅ፣ ጀሪካን ስትሞላ ኖረች። የበዓል ቀን ስትመጣ እንኳ የእጇ የኑግ ሽታ በሳሙና አይለቅም ነበር።

አምና አዲስ ማሽን አስመጣ። ራሱ ይጨምቃል፣ ራሱ ይሞላል፣ ራሱ ይከድናል አሉ። በተተከለ ማግሥት ሠራተኞቹን ግቢው ውስጥ አቆማቸውና «እስከ ዛሬ አብረን በላን፣ ከነገ ጀምሮ ግን ለመምጣት እንዳትለፉ» አላቸው። በቃ፣ ይኸው ነው።

«የስንብት ክፍያችንስ?» ቢሉት «የማሽኑ የባንክ ዕዳ አንገቴ ላይ ነው። ሥራ ያጣን ሰው መደገፍ የመንግሥት ነው፣ እዚያ ሂዱ» አለ። ሄዱ። የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ደግሞ «ለሥራ ፈት የምንሰጠው በጀት የለንም፤ ያሰናበተ ይክፈል፣ እምቢ ካለ ክሰሱት» አላቸው። ከሰሱት። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተነባበረ፤ ክረምቱም ገባ።

ይሄኔ ነው ጸደንያ የደወለችልኝ።

«እምዬ፣ ደላላ አግኝቻለሁ። በጅቡቲ አድርገን ባሕሩን ወደ ዓረብ አገር እንሻገራለን። ስንብቱ ከመጣ አብራኝ ከተባረረችው ከጦይባ ጋራ ሱቅ እንከፍታለን፤ ካልመጣ ግን ከመስቀል በፊት እወጣለሁ።»

ባሕር! እኔ ዓባይን በድልድይ ስሻገር እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ስልኩን ዘግቼ መደብ ላይ ተቀመጥሁ፤ ከዚያች ቀን ወዲያ እንቅልፍ የሚባል አጣሁ። ልጅቷን ባሕር ውስጥ አያታለሁ፤ ነቅቼም አያታለሁ።

በዚሁ መካከል እማሆይ አገሬ ዐረፈች። አለቀስሁላት፤ ከልቤ ነው። ልጇ መኪና አሰልፎ መጣ፣ ቀበረ፣ ዕድራችንም እንደ ደንቡ ቆመለት። በወሩ የዕድር ስብሰባ ላይ ሊያመሰግነን መጣና ምን አለ?

«ወገኖቼ፣ ልጆቻችን ሥራ አጥተው ሲንከራተቱ ዝም ብለን እናያለን? ከዕድራችን ለሥራ አጥ ልጆች የሚሆን መደጎሚያ እናቁም። ሁሉም በየወሩ መዋጮውን ከፍ ያድርግ። እኔ ከፊት ሆኜ እጀምራለሁ።»

ተጨበጨበለት። ነጠላቸው የተተለተለ መበለቶች፣ ሽሮ ቆጥበው መዋጮ የሚከፍሉ ሴቶች አጨበጨቡለት! ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ሰው ፊት መናገር የማልደፍር ሰው ተነሣሁ።

«ያሰናበታቸው እሱ፣ የሚቀልባቸው እኛ? ማሽኑ የሚጨምቀው ኑጉን ነው ወይስ እኛን?»

የዕድሩ ሰብሳቢ ፋንታ ሳቀ። «እማማ ሀብትነሽ፣ ይቀመጡ። እርስዎን ፍርሃት ነው የሚያናግርዎ። ስጦታው እኮ ሊረዳ ነው የመጣው።»

ሰዉም ሳቀ። ስጦታው ራሱ አልሳቀም፤ እንደ አዋቂ ልጅ አንገቱን ደፍቶ «እናቴ ናቸው፣ ይበሉኝ» አለ። ከሳቁ ይልቅ ይኼ ቆረጠኝ። ተቀመጥሁ። መቀመጤን ግን መሸነፍ አድርገው ወሰዱት።

ሰው ሲመሰገን አፉን ማቆም ያቅተዋል። በሚቀጥለው እሑድ ስጦታው ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ አስነገረ፤ «የእናቴ ተዝካር ቅዳሜ ነው። የራበው ሁሉ ይምጣ። ከእናቴ ደጅ አንድም ሰው እንዳይመለስ» አለ። ሰው ሁሉ መረቀው። እኔም መረቅሁት፤ ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብዬ መረቅሁት። በዚያ ደቂቃ ነው ነገሩ የበራልኝ።

በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ግንደወይን እስክንደርስ ዳዊት ስደግም፣ ሞጣ እስክንደርስ ደግሞ ሾፌሩን «ቀስ በል ልጄ» ስለው ረዳቱ «እማማ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልን ወደ ኋላ ነው የምንሄደው» ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። ይሳቅ።

ጸደንያ የምትኖረው በሥራ ባልደረባዋ በጦይባ እናት ግቢ ነው። ከተባረሩት ሠራተኞች ብዙዎቹን እዚያ አስጠራኋቸው። የዐውደ ምሕረቱን ጥሪ ነገርኋቸውና «ከነዳያኑ ጋራ ትቀመጣላችሁ» አልኋቸው።

ጸደንያ ፊቷ ቀላ። «እምዬ፣ እኛ ለማኞች ነን እንዴ?»

«ለማኝ ያደረገሽ ማነው? ያደረገሽ ይየው እንጂ!»

አብዱራዛቅ የሚባለው፣ ኩንታል ተሸካሚ የነበረው፣ ጢሙን እያሻሸ «እማማ፣ እንምጣ ብንልስ ግማሻችን የክርስቲያን ሥጋ አንበላ» አለኝ።

«እሱንም አውቄ ነው የምጠራህ። ቢላህን ስለህ ና።»

ጦይባ መጀመሪያ ገባት፤ አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች። «ያ አላህ! እማማ፣ እርስዎን ነው እንዴ ጸደንያ ፈሪ ናቸው ያለችኝ?»

ፈሪማ ነኝ። ስመለስ መንገዱን በሙሉ ከራሴ ጋራ ስሟገት ነበር። የሙት ተዝካር ላይ ቂም ይዞ መግባት፣ ያውም የጎረቤቴ፣ ያውም አብረን ያረጀነው። ኃጢአት መሆኑን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም። ባሕሩ ግን ይመጣብኛል። ባሕሩ ሲመጣብኝ ኃጢአቱ ያንስብኛል።

ቅዳሜ ዳሱ ሞላ። ቀሳውስቱ ከላይ፣ ትልልቅ እንግዶች በወንበር፣ ነዳያን ደግሞ በረድፍ መሬት ላይ። በእኛ አገር የተዝካር ባለቤት አገልድሞ የነዳያንን እጅ ራሱ ያስታጥባል፤ ለእናቱ ነፍስ ዝቅ ይላል። ስጦታውም ኩታውን አገልድሞ ማንቆርቆሪያ ይዞ ወረደ። ከነዳያኑ አለቃ ከዓይነ ስውሩ ከአካለ ወልድ ጀመረ። ቀጥሎ አንድ እጅ ተዘረጋለት። ውኃውን አፈሰሰ፤ እጁን ዐወቀው መሰለኝ ቀና አለ። ጸደንያ ናት። ቀጥሎ ጦይባ። ቀጥሎ አብዱራዛቅ። እስከ ዳሱ ጥግ ድረስ የእሱው ሰዎች። ውኃው በጫማው ላይ ፈሰሰ።

«እናንተ... እዚህ ምን...»

«የራበው ሁሉ ይምጣ ብለሃል አሉን» አለችው ጦይባ፣ እጇን ሳትሰበስብ።

ቀሳውስቱ እያዩ ነው። አስታጠባቸው፤ አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻው። እኔ ወጥ ከሚያወጡት ሴቶች መሀል ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ወጣ አልሁና «ስጦታው፣ የሙስሊም እንግዶችህንስ ምን ልታበላቸው ነው?» አልሁት።

አላሰበበትም። በእኛ ዘንድ ሙስሊም እንግዳ ከመጣ ከብቱ ከነነፍሱ ይሰጠዋል፤ ራሱ አርዶ፣ በራሱ ድስት ሠርቶ ይበላል። ያን ያላደረገ ባለ ድግስ ስሙ በደግ አይነሣም። ግቢው ውስጥ የቀረው ከብት ደግሞ ለማታ ለትልልቆቹ እንግዶች ያስቀመጠው ድልብ ወይፈን ብቻ ነበር። ወይፈኑን አየ፣ ቀሳውስቱን አየ፣ እኔን አየ። አብዱራዛቅ ተነሥቶ ገመዱን ራሱ ፈታ። «አላህ ይስጥህ ጌታዬ» አለው፤ ጨዋ ልጅ ነው።

ተበላ፣ ተጠጣ። ትልልቆቹ እንግዶች ወይፈኑ በሌላ ሰው ድስት ሲፈላ እያሸተቱ ተቀመጡ። በመጨረሻ የደብሩ መሪ ጌታ ተነሥተው ጸሎት አደረሱና እንደ ወጉ ወደ ነዳያኑ ዞሩ። ነዳያን ጠግበው በአንድ ድምፅ «ነፍስ ይማር» ካላሉ ተዝካሩ ተዝካር አይባልም።

ዝም።

የእኔዎቹ ዝም እንዲሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ የሰጋሁት እውነተኞቹ ነዳያን ይሉ ይሆናል ብዬ ነበር። መሪ ጌታው ወደ አካለ ወልድ ዞረው «ምነው አለቃ?» አሉት። ማየት ባይችልም ጎኑ የተቀመጡት ሲበሉ ታሪካቸውን አጫውተውታል።

«አባቴ፣ እዚህ ያልጠገበ ሰው አለ» አለ አካለ ወልድ በትሩን ተደግፎ። «የእነዚህን ልጆች ስንብት የበላው ገና አልጠገበም። እሱ ሳይጠግብ እኔ ጠገብሁ ብዬ ነፍስ ይማር አልልም።»

ዳሱ ተንጫጫ። ስጦታው ላቡን ጠረገ። «የእናቴን ነፍስ! እማማ ሀብትነሽ፣ እርስዎ ነዎት ይህን ያደረጉት። ከእናቴ ነፍስ ጋራ ምን አለዎት?»

«ከእናትህ ጋራ ምንም የለኝም። አንተ ግን ልጄን ለባሕር ሰጥተሃታል። የእናትህ ነፍስ ከልጄ ነፍስ አትበልጥብኝም።»

እንዲህ ማለቴን ሰው እስከ ዛሬ ያወራብኛል። ያውራ።

መሪ ጌታው «ትከፍላለህ?» አሉት። ዙሪያውን አየ። «እከፍላለሁ» አለ።

«ዋስ ጥራ» አልሁት።

እንዲህ ባለ ጉባኤ ፊት ዋስ ጥራ የተባለ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ዞር ዞር አለ። ትልልቆቹ እንግዶች ሁሉ ጠላቸውን ይመለከታሉ። ያን ጊዜ በዕድር ስብሰባ ላይ የሳቀው፣ ዛሬ ከፊት ወንበር የተቀመጠው ወዳጁ ትዝ አለው።

«ፋንታ ዋሴ ነው።»

ፋንታ የጠላ ዋንጫውን አስቀመጠ። «እኔ? እኔ እንኳ... ነገሩን አጥንተን...»

«አቶ ፋንታ» አልሁት፣ «ስጦታው እኮ ሊረዳ ነው የመጣው። ዋስነት የሚያስፈራው እንደ እኔ ያለውን ፈሪ ብቻ ነው።»

አሁን ማን ላይ እንደተሳቀ ዳሱ ያውቃል። ፋንታ ተነሥቶ «ዋስ ነኝ» አለ፤ ድምፁ ግን የዋስ አልነበረም።

«አሁንስ?» አሉ መሪ ጌታው ወደ እኛ።

«ሲከፍል» አልሁ። ነዳያኑም ተነሡ፣ የተቀመጡበትን ቆዳና ኮሮጇቸውን ሰበሰቡ፣ ነፍስ ይማር ሳይሉ ወጡ። እማሆይ አገሬ ያለ ነፍስ ይማር አደረች። ስጦታው በየመሸታ ቤቱ መሳቂያ ሆነ፤ «ወይፈኑን አስበልቶ ምርቃቱን ያላገኘው» ይሉት ጀመር።

ከዚያ ወዲያ የሮጠው ፋንታ ነው። ዋስ ሆኖ ቢከፍልለት መሬቱ ሊሄድበት ነው፤ ስለዚህ ሞጣ ወርዶ ከስጦታው በር አልነሣ አለ። ሁለቱ ወዳጆች በአደባባይ ተሰዳደቡ አሉ። ይኼን ስሰማ የረሳሁትን እንቅልፍ አገኘሁ። መስከረም ሳይጋመስ ስንብቱ ለሁሉም ወጣ። የዕድሩ መደጎሚያም ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

ጸደንያና ጦይባ ሞጣ ላይ ሱቅ ተከራይተው ዘይት ይቸረችራሉ፤ የስጦታውን ዘይት ግን አያስገቡም። ደላላው ሁለት ጊዜ ደወለላት፤ አላነሣችለትም። እኔ አሁንም መንገዱን እሰጋለሁ፤ ይኼ መቼም አይለቀኝ።

ገንዘቡ በወጣ በሳምንቱ አካለ ወልድ ነዳያኑን ይዞ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያቆየውን ነፍስ ይማር አለላት። ንስሐ አባቴ ስግደት አዘውብኛል፤ ጉልበቴ እየተንቋቋ እሰግዳለሁ። አልጸጸትሁም አልኋቸው፤ ጨመሩልኝ።

ከዚያ ብቻዬን ወደ መቃብሯ ሄድሁ።

«አገሬ፣ ነፍስሽን ይማር» አልኋት። «አንቺን አስጠብቄሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ይህ ለአንቺ ነው። ልጅሽ ተራው ሲደርስ ግን ከእኔ ደጅ ነፍስ ይማር አይጠብቅ፤ እኔ ቀድሜው ብሞት ለጸደንያ ተናግሬያታለሁ።»

አፈሩን ከቀሚሴ አራግፌ ተነሣሁ።