ፊኛ አይኑር ብዬ ነበር

ባሌን ኩርትን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊኛ እንዳይኖር። «ፊኛም፣ ኬክም፣ ዘፈንም አልፈልግም። አንተ ብቻ መኪናውን ይዘህ አውሮፕላን ማረፊያ ና» አልኩት። ከኮሎምቢያ ደውዬ፣ ቃል በቃል እያስደገምኩ ነገርኩት። «እሺ» አለኝ። ይኸን ያህል ዓመት አብሬው ኖሬ፣ የኩርት «እሺ» የሚሠራው እናቱ በር ላይ እስኪደርሱ ብቻ መሆኑን መርሳቴ ነው የሚገርመኝ።

ለፊኛ ይኸ ሁሉ ቁጣ ምንድነው የሚል አይጠፋም። ልንገራችሁ።

ልጃችንን ዩሊያናን የተረከብነው ኮሎምቢያ፣ ማኒሳሌስ ከተማ ካለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። አምስት ዓመቷ ነው። የርክክቡ ቀን ግቢው በፊኛ ተንቆጥቁጦ፣ ኬክ ተቆርሶ፣ ልጆቹ እያጨበጨቡ ዘፈኑልን። እኔና ኩርት የደስታ ድግስ መስሎን ጥርሳችንን ገልፍጠን ቆመናል። አንድ ትንሽ ልጅ ግን ፊኛው ሲነፋ ገና እንዳየ ጠረጴዛ ስር ገብቶ አልወጣም አለ። ምን ሆኖ ነው ብዬ የቤቱን ኃላፊ ሲኞራ አምፓሮን ጠየቅኋቸው።

«ፊኛ ከተሰቀለ አንዱ ልጅ ይሄዳል» አሉኝ። «እዚህ ይኸን የማያውቅ ልጅ የለም። የማያውቁት ሰው ይመጣል፣ ኬክ ይበላል፣ ከዚያ አንዳቸው ይጎድላሉ። የሚሄደውም ያለውን ለሚቀሩት ሰጥቶ፣ ስሞ ነው የሚወጣው። ማንም አላስተማራቸውም፤ ራሳቸው ያመጡት ደንብ ነው።»

ዩሊያና ደንቡን አልሳተችም። አሻንጉሊቷን ለአንዷ፣ ማበጠሪያዋን ለሌላዋ ሰጠች። ሁሉንም በየተራ ጉንጫቸውን ሳመች። ከዚያ መጥታ እጄን ያዘች። አላለቀሰችም። ያ አለማልቀሷ እስከ ዛሬ አንጀቴን ያሳርረዋል።

የፍርድ ቤቱ ጉዳይ እስኪያልቅ እዚያው መቆየት ነበረብን። ኩርት ሥራው ጠርቶት ቀድሞ ሲመለስ፣ እኔና እሷ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀረን። ገላዋን አጠብኳት፣ ሩዝና ቦሎቄ እሷ በምትወደው ዓይነት ማብሰል ተማርኩ፣ ትኩሳት የያዛት ጊዜ ከጉያዬ አላወጣኋትም። እሷ ግን የምትጠራኝ «ሲኞራ» እያለች ነበር፤ «እመቤት» እንደማለት ነው። «ሲኞራ፣ ውሃ።» «ሲኞራ፣ ልግባ?» ማሳደጊያው ውስጥ ተራ እየገቡ የሚያሳድጓቸውን ሴቶች ሁሉ የምትጠራው እንደዚያ ነው። እኔም ለእሷ ተረኛዋ ሲኞራ መሆኔ ነው። እናትሽ ነኝ ብዬ አልተከራከርኳትም። ይኸ በክርክር የሚሆን ነገር አይደለም።

ከሂውስተን ወደ ከተማችን ወደ ዊቺታ በሚወስደን በመጨረሻው አውሮፕላን ላይ አጠገባችን የተቀመጠች አንዲት እኩያዬ የምትሆን ሴት ዩሊያናን አየት፣ እኔን አየት አደረገችና አላስችል አላት።

«የራስሽ ልጅ የለሽም?» አለችኝ።

«ይቺ የራሴ ናት።»

«አይ፣ ማለቴ የወለድሽው። ለነገሩ እንዴት የታደለች ልጅ ናት! ከስንቱ ጉድ አወጣሻት!»

ታደለች! አገሯን፣ ቋንቋዋን፣ አብረዋት የሚተኙትን ጓደኞቿን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጣች ልጅ ታድላለች! «ያንቺዎቹንስ ልጆች ከምን አወጣሻቸው?» አልኳት። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እስክንወርድ ድረስ ደመና ስትቆጥር ቆየች። ይመቻት።

ትንሽ ቆይቶ አውሮፕላኑ ክፉኛ ተናጠ። ዩሊያና በሁለት እጇ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችና፣ ቀስ ብላ፣ «ማማ» አለች።

ያልሰማሁ መሰልኩ። ካየኋት ደንግጣ ቃሉን የምትመልሰው መስሎኝ ነው። ከፊቴ ያለውን የአደጋ ጊዜ መመሪያ አወጣሁና፣ አንዲት ፊደል ሳይታየኝ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ አነበብኩት። እሷ ከተሰጣት ብስኩት ግማሹን በላች። ግማሹን በናፕኪን ጠቅልላ፣ ለነገ ብላ፣ የጀርባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለነገ ማለቷን ልብ በሉልኝ። ነገን ከእኔ ጋር አስባው ነበር።

ዊቺታ ወረድን። ወደ ሻንጣ መውሰጃው የሚያወርደው ደረጃ ራስ ላይ ስንደርስ ጩኸቱ ተቀበለን።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰው በሙሉ ነቅሎ ወጥቷል። ሁሉም አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰዋል፤ በየካናቴራው ላይ ደግሞ የልጄ ፊት ታትሟል! ለአማቴ ለአርሊን ለብቻቸው እንዲያዩት የላክሁት ፎቶ ነው። ተጣጣፊ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ኬክ ተቀምጧል። ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ተቀስሮ ይቀርጻል። አማቴ ከፊት ቆመው ክንዳቸውን ዘርግተዋል። አጠገባቸው የሁሉንም ፊኛ ክር ጨብጦ፣ አንገቱን ሰብሮ የቆመው ማን ይመስላችኋል? «እሺ» ያለኝ ባሌ!

ዩሊያና ቆመች። ፊኛዎቹን አየች፣ ኬኩን አየች፣ ሰዎቹን አየች። እጄን ለቀቀችኝ።

ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ቦርሳዋን ከፈተች። ገበያ ወስጄ የገዛሁላትን ቀይ ነጠላ ጫማ አወጣችና «ላንቺ» አለችኝ። ከለር እርሳሶቿን አወጣች፤ «ላንቺ።» በናፕኪን የተጠቀለለውን ግማሽ ብስኩት መዳፌ ላይ አስቀመጠች፤ «ይኸም ላንቺ።» ተንጠራርታ ጉንጬን ሳመችኝ።

«አመሰግናለሁ፣ ሲኞራ» አለችኝ።

ባዶ ቦርሳዋን አዝላ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ፣ ብቻዋን ወረደች። ወደ አማቴ ሄዳ እጃቸውን ያዘች። አላለቀሰችም።

ሰዉ በጭብጨባ አዳራሹን አናጋው። «አያቷን አወቀቻቸው! አቤት ፍቅር!» ይላል አንዱ። አንዷ እንባዋን ትጠርጋለች። አማቴ «አያችሁ? ራሷ መጣች!» እያሉ ለካሜራው ይስቃሉ።

ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። በነዚያ ደረጃዎች እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

«አታጨብጭቡ!» ብዬ ጮህኩ። «ልጄ እኮ እየተሰናበተችኝ ነው! ለናንተ የሰጠኋት መስሏታል! ምኑ ነው የሚጨበጨበው?»

የተቀሰሩት ስልኮች ወረዱ።

«ጃኔል፣ ምን ነካሽ?» አሉ አማቴ። «ሰው ፊት! ደክሞሽ ነው እንጂ…»

«ፊኛ አይኑር ብዬ አልነበረም? ኩርት አልነገረዎትም?»

«ነግሮኛል። ፊኛ ደግሞ ማንን ጎድቶ ያውቃል? እኔስ የልጅ ልጄን በደስታ ልቀበል አይገባኝም?»

ነግሯቸዋል! እያወቁ ነው! ዩሊያና ፊት ተንበረከክሁና በቋንቋዋ «አንቺ አትሄጂም። የሚሄዱት እነሱ ናቸው። አንቺና እኔ አብረን ነን» አልኳት። አሳዝኛት ይመስላል፣ በጨዋነት አየችኝ። አላመነችኝም። ለምን ታምነኛለች? ባዶ ቃል ስትሰማ ነው ያደገችው። በዓይኗ ማየት ነበረባት።

«ኩርት፣ ሰዎቹን አስወጣ።»

«አሁን ምን ብዬ…»

«ሂዱ ብለህ! ዛሬ ከዚህ የምትሄደው እሷ አለመሆኗን ካላየች፣ ልጅ የለንም። ገባህ? እናትህ ብታኮርፍ ይሻልሃል ወይስ ልጅህን ብታጣ?»

ኩርት ልጅቷን አየ። እጄ ላይ ያለውን ነጠላ ጫማ አየ። የማኒሳሌሱን ግቢ ያስታወሰው ያኔ ይመስለኛል፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ፊኛዎቹን ለቀቃቸው፤ ሄደው ጣሪያው ላይ ተለጠፉ።

«እማዬ፣ ሂጂ በቃ» አለ። «ሁላችሁም፣ እባካችሁ፣ ሂዱ።»

«እኔን ነው?»

«አዎ፣ አንቺን።»

ሰዉ እያጉረመረመ፣ ኬኩን ተሸክሞ፣ በየተራ ወጣ። አማቴ ቦርሳቸውን አነሡ። እኔ ግን ገና አልበረደልኝም።

«እንዲሁ አይሄዱም» አልኳቸው። «በእሷ ደንብ የሚሄድ ሰው ያለውን ሰጥቶ፣ ስሞ ነው የሚሄደው። ይስጧት።»

ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቦርሳቸውን ፈተሹ። መቼም ከእሳቸው የማይለየውን የሚንት ከረሜላ ከነእሽጉ ዩሊያና እጅ ላይ አኖሩ። ጎንበስ ብለው ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ ዞረው፣ እንባቸውን ለማንም ሳያሳዩ ወጡ።

ዩሊያና በሩ እስኪዘጋ በዓይኗ ሸኘቻቸው። እሽጉን አገላብጣ አየችው። ቀና ብላ ኩርትን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ባዶውን አዳራሽ አየች። ግንባሯ ቀስ በቀስ ተኮሳተረ።

መጥታ ፊቴ ቆመችና እጇን ዘረጋች። «መልሺልኝ» አለች።

ነጠላ ጫማውን ሰጠኋት። ከለር እርሳሶቹን ሰጠኋት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸውና እጇን እንደገና ዘረጋች። ያኔ ነው በንዴት ስጨብጠው የቆየሁትን መዳፌን የከፈትኩት። ናፕኪኑ ውስጥ የቀረው ዱቄት ብቻ ነው።

ዓይኗ ፈጠጠ። ከተገናኘን ጀምሮ አይቼው የማላውቀው ቁጣ ፊቷን አቀላው፤ በእግሯ ወለሉን መታችና አለቀሰች።

«ብስኩቴን ሰበርሽው!» አለችኝ። «ለነገ ያስቀመጥኩትን! ለምን ሰበርሽው፣ ማማ?»