ያሰርኳቸው ወረቀቶች

ኖርዌይ እንደመጣሁ ከሁሉ ያሳቀኝ ብስክሌታቸው ነው። ሐኪሙ በብስክሌት፣ ዳኛው በብስክሌት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አሮጊት በበረዶ ላይ በብስክሌት! መኪና መግዛት የሚችል ሰው ምን ቆርጦት ፔዳል ይረግጣል እያልኩ ዐሥር ዓመት ሳቅሁ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ እኔው የሺእመቤት ወጣሁበት። የናቁት ያስረግዛል ይባል የለ!

ያስተማሩኝ ጋሽ እንዳሻው ናቸው። ግሮሩድ አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው፣ እሳቸው አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ። ኮርቻውን ከኋላ ይዘው እየሮጡ «ወደ ፊት እዪ እንጂ፣ መሬት ላይ ምን ጠፋብሽ!» ይሉኝ ነበር። ብሪን የሚባል ሰፈር ዳቦ ቤት ይሠራሉ። የሚገቡት ባቡሩ ሳይጀምር ስለሆነ ያለ ብስክሌት እንጀራቸው የለም።

በሚያዝያ ምድር ቤት ስወርድ ብስክሌቱ ሁሉ ላይ ማኅተም ያለበት ቢጫ ወረቀት ታስሯል። እኔ ማኅተም ካየሁ አላነብም። ቋንቋቸው ኖርስክ አቅቶኝ እንዳይመስላችሁ! የስደተኞች መቀበያ አራት ዓመት ስቀመጥ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት በመጣ ቁጥር የሚለው «አይሆንም» ነበር። ወረቀት እንደማይጣል፣ እንደማይቀደድ ግን እዚያ ተምሬያለሁ። ስለዚህ የራሴን በላስቲክ ጠቅልዬ በፕላስተር አሸግሁት።

በዱግናዱ ዋዜማ ደግሞ ስወርድ ዐሥራ አንድ ወረቀት ተበጥሶ መሬት ላይ ወድቋል። ዱግናድ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ግቢ የሚያጸዳበት ቀን ነው፤ ደቦ በሉት። «ምን ዓይነት ግዴለሽ ሕዝብ ነው!» እያልኩ፣ ወረቀት የሌለበትን ብስክሌት እየፈለግሁ አንድ በአንድ አሰርኩላቸው። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግሥቱ ቢየርቪካ ሰፈር ቢሮ ጠርጌ ስመለስ፣ ጋሽ እንዳሻው ግቢው መሐል ቆመው ሲሪ ላይ ይጮኻሉ። ሲሪ የሕንፃው ማኅበር ሊቀመንበር ናት።

«የምትነዱ ሰዎች ወረቀቱን በጥሱ አላችሁ፣ በገዛ እጄ በጠስኩ! የኔን ለይታችሁ ለቆሻሻ የጫናችሁት ሀበሻ ስለሆንኩ ነው! ሰኞ በምን ሥራ ልግባ?»

ክው አልኩ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ገና ያኔ ገባኝ። ያልተበጠሰለት ብስክሌት ባለቤት የለውም ተብሎ ይጣላል ማለት ነው።

እግሬ ወደ ደረጃው ዞረ። ምን እዋሻችኋለሁ፣ ልሸሽ ነበር። ሰው ፊት መዋረድ ለእኛ ሞት ነው። ሲሪ ግን ፊቷ ቀልቶ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እኔ እንዲህ አላደርግም» ትላለች። አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ እሷን ይተዉአት» አልኩ። «ወድቆ ሳገኘው መልሼ ያሰርኩት እኔ ነኝ።» ደግሜ በኖርስክ ተናገርኩት፣ ሁሉም ይስማ ብዬ።

ሲሪ ቶሎ ስልክ ደወለች። ብስክሌቶቹን የወሰደው የቆሻሻ መኪና ገና ከጎረቤት ሕንፃ እየጫነ ስለነበር ተመለሰ። የእኔን ጨምሮ ዐሥራ ሁለቱም ወረዱ። የጋሼ ብስክሌት ከሥር ተጭኖ የፊት ጎማው ተጣሟል።

ጋሼ መጀመሪያ ሲሪ ዘንድ ሄዱ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቋት። ወደ እኔ ሲመጡ ስድቤን ልቀበል አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ብስክሌቱን ገልብጠው ጎማውን ማቃናት ጀመሩ።

«ለሰኞ ይደርሳል» አሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «የሺ፣ ቤትሽ ያላነበብሽው ወረቀት ስንት አለ?»

«ሻንጣ ሙሉ።»

«በይ ውጪና አምጪው። አብረን እናነበዋለን።»

ኖርዌይ ከመጣሁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። እዚያው ብስክሌቶቹ መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።