በባለቤቱ ላይ ያምራል

በዐረቦቹ ከተማ በአማን፣ ዌብዴ ኮረብታ ላይ፣ ከአደባባዩ ወደ ታች በሚወርደው ጠባብ መንገድ ዳር አንድ የቀለም ባልዲ ነበረ። ውስጡ ሲሚንቶ ተሞልቶ መሃሉ ላይ የፌሮ ቁራጭ ተተክሎበታል። የቆመው ከአንዲት የመስታወት ቆራጭ ሱቅ በር ፊት ለፊት ነው። በዚያ ከተማ እንዲህ ያለ ባልዲ ምን እንደሚል የማያውቅ የለም፤ «እዚህ መኪና አታቁም፣ ባለቤት አለው» ነው የሚለው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም፤ መንገድ የሕዝብ ነው ይላል። ምን ያድርግ፣ ሕጉ መስታወት ተሸክሞ ዳገት ወጥቶ አያውቅም።

የሱቁ ባለቤት ኡም ዋዲዕ ናት። ሰፈሩ እንደ ወጉ በልጇ ስም የዋዲዕ እናት እያለ ይጠራታል። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የእሱን መቁረጫ ይዛ፣ በእሱ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሱቁን ያቆመችው እሷ ናት። ከጣቶቿ መስታወት ያልበላው የለም። ምላሷም እንደ መቁረጫዋ ስለት ነው፤ ዋጋ የሚከራከራትን ደንበኛ አሳቅቃ ነው የምትሸኘው። አንድ ድካም ግን አለባት፣ ይሉኝታ። ሰው ደጇ ላይ ቆሞ በትሕትና ከለመናት እምቢ ማለት አይሆንላትም።

ዮሪስ የመጣው ባለፈው በጋ ነው። ቤልጂጋዊ ነው፤ ስለ ውሃ በሚያጠና የውጭ ድርጅት ይሠራል፤ ከሱቋ በላይ ያለውን ፎቅ ተከራየ። እቃውን ሲያወርድ ላብ በላብ ሆኖ ወደ ሱቁ ጎንበስ ብሎ ገባና፣ ከመጽሐፍ በተማረው ዐረብኛ «አክስቴ፣ መኪናዬን እዚህ ባቆም ይፈቅዱልኛል?» አላት።

እሷም ማንም ሰው የሚለውን አለች። «ተፈደል ልጄ! ቦታው ቦታህ ነው፣ ሱቁም ሱቅህ ነው!»

ተፈደል፣ ማለትም እንካ፣ ያንተ ነው፣ እዚያ አገር እንደ ደህና አደርክ ያለ ወግ ነው። የሰማ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ባለቦታውን መርቆ፣ መኪናውን ሌላ ጋ ያቆማል። በጣም ከቸገረውም እቃውን አውርዶ ወዲያው ይነሳል። ዮሪስ ግን ከልቡ አመሰገነ፤ ባልዲውን እየገፋ ወደ ግድግዳው አስጠጋው፤ ነጩን ጂፑንም አቆመ። በማግስቱም እዚያው አቆመ። በጋው አልቆ ብርዱ ሲገባም ጂፑ እዚያው ነበረ።

ኡም ዋዲዕ በልቧ እየረገመችው በአፏ «ደህና አደርክ ልጄ» ትለዋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሰጠችውን ቃል እንዴት ብላ መልሳ ትዋጠው?

መስታወት ግን ይሉኝታ አያውቅም። የምታዝዘውን መስታወት የሚያመጣው የጭነት መኪና በሯ ላይ መቆም ስላቃተው ሾፌሩ ሚቅዳድ ከቁልቁለቱ ግርጌ ያራግፍላት ጀመር። ከዚያ አንድ አንዱን ለሁለት ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። ዌብዴ ላይ ደግሞ ነፋስ አለ፤ ትልቅ መስታወት በነፋስ መሃል ይዞ መሄድ እምቢተኛ በግ እንደ መጎተት ነው። በመጨረሻው ጭነት አንዱ እጃቸው ላይ ተሰበረና የሚቅዳድን ክንድ ቀደደው።

ሚቅዳድ ክንዱን በጨርቅ እየጠቀለለ «ኡም ዋዲዕ፣ እርስዎን እወዳለሁ» አላት። «ክንዴን ግን ከእርስዎ የበለጠ እወደዋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ በርዎ ላይ ካላቆምኩ ጭነቱን ይዤ ነው የምመለሰው።»

የሚቀጥለው ጭነት ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። የሰፈሩ የሴቶች ትምህርት ቤት የክፍሎቹን መስኮት ሁሉ እንድትቀይር ሥራውን ለእሷ ሰጥቷል። ይህ ሥራ ከተሳካ ሱቁ ብርዱን ይሻገራል፤ ካልተሳካ መዘጋቱ ነው። ልጇ ዋዲዕም ከዱባይ እየደወለ የሚጨቀጭቃት ይኼንኑ ነው።

«እማ፣ ሱቁን ለካፌ ሰዎች አከራዪውና እረፊ። ከላይ እስከ ታች ሰፈሩ ካፌ ሆኗል፤ አንቺ ምን ቀረሽ?»

«በአባትህ ጠረጴዛ ላይ ኬክ የሚደረደረው እኔ ከተቀበርኩ በኋላ ነው» አለችና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

መጀመሪያ ዮሪስን በዘዴ ሞከረችው።

«ልጄ፣ ይህ መንገድ ለመኪናህ አይጠብም?»

«ኧረ አይጠብም አክስቴ! በጣም ግሩም ቦታ ነው!»

«ፀሐዩስ ቀለሙን አይጎዳውም?»

«ጥሩ ቀለም ነው፣ አያስቡ።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በመጨረሻ ጥርሷን ነክሳ በቀጥታ ነገረችው። «ልጄ፣ ሐሙስ ጠዋት የትምህርት ቤቱ መስታወት ይመጣልኛል። ቦታው ያስፈልገኛል።»

ዮሪስ ፈገግ አለ። ያቃጠላት ፈገግታው ነው። «አክስቴ፣ ቦታው ቦታህ ነው ብለውኝ ነበር እኮ! ለጭነት መኪናው ደግሞ ከታች ሰፊ ቦታ አለ።»

«ከታች ያለው ላንተም ሰፊ ነው።»

«እኔ እዚህ ለምጃለሁ። ለነገሩ ማዘጋጃ ቤቱንም ጠይቄ ነበር። መንገዱ የሁላችንም ነው አሉኝ፤ ባልዲ ማስቀመጥም አይፈቀድም።»

በማግስቱ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው ባልዲውን ጭነው ሄዱ። የባሏ እጅ ያቦካው ሲሚንቶ ነበር፤ ፌሮውንም ያቆመው እሱ ነው። ኡም ዋዲዕ ባዶውን አስፋልት ስታይ እንባዋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ በእንባዋ ተናደደች። ዮሪስ ሲወርድ ደረጃው ሥር ጠበቀችው።

«አንተ ነህ የከሰስከኝ?»

«እርስዎን? ኧረ በጭራሽ አክስቴ!» አለ ደንግጦ። «ባልዲውን ነው እንጂ።»

ይህን የሰማው ጎረቤቷ፣ ፀጉር ቆራጩ አቡ ጊያስ፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ፀጉር ቤቱ ገብታ ባዶው የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ባልዲውን ነው አለሽ?» አለ አቡ ጊያስ ዓይኑን እየጠረገ። «ሰውዬው ክፉ አይደለም እኮ፣ ኡም ዋዲዕ። ወጋችን ስላልገባው ነው።»

«አንተ ደግሞ ጠበቃው ሆንክ?»

«እውነቴን ነው። ባገሬ መኪና የለኝም፣ በብስክሌት ነው የምሄደው ብሎኛል። እዚህ መጥቶ ነው ጂፕ ያየው።»

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል።»

«ቢሆንም ጎበዝ ተማሪ ነው። ባለፈው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰዓቴን አደነቀልኝ። እኔም ፈትቼ 'ያንተ ነው፣ ውሰደው' አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ 'በባለቤቱ ላይ ያምራል!' እንደ ሰፈር ልጅ! ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሁንማ ሸሚዙን ያደነቀለት ሰው ካለ 'ያንተ ነው' ብሎ ሊያወልቅለት ይደርሳል።»

ኡም ዋዲዕ ቀና አለች። «ሰዓትህን በባለቤቱ ላይ ያምራል አለህ?»

«አዎ።»

«ውሰድ ስትለው፣ አይወሰድም ማለት እንደሆነ ገብቶታል?»

«ገብቶታል እንጂ…» አቡ ጊያስ ነገሩ የት እንደሚሄድ ሲገባው ድምፁ ቀነሰ።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያንተ አሮጌ ሰዓት ሲሆን ወጉን ያውቃል፤ የኔ ደጅ ሲሆን ይደነቁራል! እኔ ደግሞ እንግዳ ነው፣ አልገባውም እያልኩ ስንት ወር ሙሉ አዘንኩለት!» ተነሥታ ሽርጧን አራገፈችና ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ሚቅዳድ ጡሩምባውን እየነፋ ከአደባባዩ ወረደ። ጂፑ እንደ ቆመ ነው። የጭነት መኪናው መንገዱን ዘጋው፤ ከኋላው ታክሲው፣ የዳቦ መኪናው፣ የጋዝ ሻጩ ተሰለፉ፤ ሁሉም ክላክሱን ያስጮኻል። ሚቅዳድ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ኡም ዋዲዕ፣ ምን ልሁን? ልመለስ?» አለ።

«ሞተሩን አጥፋ። የትም አትሄድም!» ወንበሯን ከሱቅ አወጣችና ጂፑ አፍንጫ ሥር ተቀመጠች። ይህ መስታወት ዛሬ ከተመለሰ ነገ ለዋዲዕ ደውላ ተሸነፍኩ ልትል ነው፤ ይህን ደግሞ ከመናገር ምላሷን ብትቆርጠው ይሻላታል።

ዮሪስ ጩኸቱን ሰምቶ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ከደረጃው ወረደ። «አክስቴ፣ ምን ተፈጠረ?»

ሰዉ ጠብ ሲጠብቅ እሷ ተነሥታ ጂፑን በመዳፏ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው። «ማሻአላህ! ቀርቤ አይቼው አላውቅም ነበር። ምን ዓይነት መኪና ነው ልጄ! ንጣቱ! ቁመናው! ሰፈራችንን እኮ አሳመረው።»

የዮሪስ ፊት በራ። ይህን ትምህርት አሳምሮ ያውቀዋል። አንገቱን ሰበር አድርጎ ቁልፉን በሁለት እጁ ዘረጋላት። «የእርስዎ ነው፣ አክስቴ። ይውሰዱት!»

አነጋገሩ እንከን የለውም። በሩ ላይ የቆመው አቡ ጊያስ እንኳ በተማሪው ሳይኮራ አልቀረም።

ኡም ዋዲዕ ቁልፉን ወሰደች። «ተቀብያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።»

ክላክሱ ሁሉ ጸጥ አለ። ዮሪስ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደ ቀረ፣ ሴትዮዋ የጂፑን በር ከፍታ ስትገባ ቆሞ አየ። የባሏን ፒካፕ ስንት ዓመት የነዳች ሴት ናት፤ አስነሥታ ቁልቁለቱን ይዛው ወረደች፤ ከግርጌው፣ መስታወት ተሸክማ ዳገቱን ከምትጀምርበት ቦታ፣ ልክ አድርጋ አቆመችው። ቁልፉን ሽርጧ ኪስ ከትታ በእግሯ ተመለሰች። ሚቅዳድ እስከዚያ መኪናውን በሯ ላይ አስጠግቶ ገመዱን እየፈታ ነበር።

«አክስቴ… ቀልድ ነው አይደል?»

«ስጦታ ነው» አለችና የመጀመሪያውን መስታወት ጫፍ ያዘች።

ዮሪስ ወደ አቡ ጊያስ ዞረ። «ኧረ ንገራት!»

«እኔ ምን ብዬ ልንገራት? ውሰጂው አልክ፣ ሰማሁ። ሰፈሩም ሰማ።»

«ፖሊስ እጠራለሁ!»

«ጥራው» አለች ኡም ዋዲዕ ከሱቁ ውስጥ። «ምን ብለህ ትከሰኛለህ? ውሰጂው ብያት ወሰደችው ብለህ?» የታክሲው ሾፌር መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

የመጨረሻው መስታወት ግድግዳው ላይ እስኪደገፍ ድረስ ቁልፉ ከኪሷ አልወጣም። ከዚያ እጇን ጠርጋ ደጁ ላይ መጣች። ዮሪስ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«በአክብሮት ነው እኮ ያልኩት!» አለ። «እንደዚያ ሲባል ይውሰዱ ማለት አይደለም! ወጉ እንደዚያ አይደለም!»

«የኔስ ምን መስሎህ ነበር?»

ዮሪስ ዝቅ ባለ ድምፅ «ታዲያ በመጀመሪያው ቀን አይሆንም ቢሉኝ ኖሮስ?» አላት።

ይህን ጥያቄ እሷም ራሷን ስንት ጊዜ ጠይቃዋለች፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ያደረችበት ቀን አለ። አሁን ግን ሲጠይቃት ሰምታው መልሱ ወለል አለላት።

«አይሆንም ማለት የኔ ፋንታ አይደለም። የኔ ፋንታ ውሰድ ማለት ነው፤ እናቴም እንዲሁ ነበር የምትለው። አይሆንም ማለት ያንተ ፋንታ ነበር። አቡ ጊያስ ሰዓቱን ሲሰጥህ እንዳልከው። ነገ ሌላ እንግዳ ቢመጣም ቦታው ቦታህ ነው እለዋለሁ። ላንተ ጂፕ ብዬ አፌን አልለውጥም!»

ቁልፉን ከሽርጧ አወጣችና እሱ እንዳደረገው በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «በባለቤቱ ላይ ያምራል።»

ዮሪስ ቁልፉን ተቀብሎ ቁልቁለቱን ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ኡም ዋዲዕ ከአቡ ጊያስ ባዶ ባልዲ ወስዳ በሯ ላይ ሲሚንቶ እያቦካች ነበር። ጂፑ ከሥራ ተመለሰ፤ ቦታው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ባልዲው ገና ቦታው ላይ አልተቀመጠም፤ ደጁ ባዶ ነው። ዮሪስ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

እሷም እጇ ሲሚንቶ እንደሆነ ቀና አለችና መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ጮኸች። «ተፈደል ልጄ! ቦታው ቦታህ ነው፣ ሱቁም ሱቅህ ነው!»

አቡ ጊያስ መቀሱን እንደያዘ ደረቀ። ዮሪስ አየት አደረጋት። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገላትና ጂፑን ወደ ታች ነዳው። ኡም ዋዲዕም ፌሮውን አንሥታ ሲሚንቶው መሃል ተከለችው።